የቀኙ ጎማ እርጥበት

ረቡዕ ነበር። ወንድሜ የአሠሪውን የሐጂን የጭነት መኪና ይዞ የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው በኩል ተሻገረ፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ድልድዩ ሩቅ አልነበረም፣ እሱ ግን መዞር አይወድም። ደጋው ላይ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀይ ውሃ ይዟል።

ከደቻቱ የወጣ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን እንደሚስብ ድሬዳዋ ውስጥ የሚነዳ ሁሉ ያውቃል። ፍሬኑን የሚሸፍነው ክብ ብረት፣ ታምቡሩ፣ ውስጥ ውሃ ይገባና አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ይንሸራተታል። መድኃኒቱም ይታወቃል። ፔዳሉን በስሱ ረግጦ ትንሽ መንዳት ነው፤ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ያበቃል።

እኛም እንደዚያ አደረግን። ቤት እስክንደርስ አልተስተካከለም። ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናው አፍንጫውን ወደ ግራ ያዞራል።

"አቦ፣ ይቺ ሴትዮ ግራ ግራ ትላለች" አለ እየሳቀ። "አንተ አስተማሪው፣ ውረድና እያት።"

አስተማሪው የሚለኝ ሁለተኛ ደረጃ ስለጨረስኩ ነው። አስተማሪ አልነበርኩም፣ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። መኪና ግን አውቃለሁ። አባታችን የጋራዥ ሰው ነበር፤ ሁለታችንንም ያስተማረን እሱ ነው። መኪና ወደ ግራ ከሳበ በሽታው ቀኙ ላይ ነው፤ ግራው ይይዛል፣ ቀኙ አይይዝም። ይህን አውቅ ነበር። ተንበረከክኩና ከፊተኛው ቀኝ ጎማ በስተጀርባ፣ ታምቡሩ ጠርዝ ላይ ጣቴን ሰደድኩ። እርጥብ ነበር።

"ውሃ ነው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርጥብ ነው እኮ! ከደቻቱ አሁን አይደል የወጣነው?"

"እንግዲያ ነገ ይደርቃል።"

ጣቴን በሽርጤ ጠረግኩ።

ይህን ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ጣቴን በሽርጤ ጠረግኩ። አላሸተትኩትም።

ክሪኩ ቤት ውስጥ ነበር። ጎማውን አንስቼ እሱ ፔዳሉን ሲረግጥ በእጄ ባዞረው ኖሮ አይቆምም ነበር፣ ያኔ እንከፍተው ነበር። አልከፈትነውም። ማታ ሩዝ በሙዝ በላን። ሙዜን ከሳህኔ ሰረቀኝ፤ ተቆጣሁት። የመጨረሻው ቁጣዬ ለሙዝ ነበር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ድንች ሊጭን ወደ ደጋው ሄደ። ሲወጣ ደህና ነበር፤ ዳገት ፍሬን አይፈልግም። ድንች ጭኖ ሲመለስ የደንገጎ ቁልቁለት ላይ፣ ገደሉ በግራ በኩል በሆነበት ጥምዝ፣ መኪናው ይዞት ወረደ። አስከሬኑ ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ደረሰልን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው።

ማታ ደጃችን ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ወንዶቹ ተቀመጡ። የመኪናው ባለቤት ሐጂ ከአባቴ አጠገብ ነበር።

"ልጁ ጎበዝ ነበር" አለ። "ጫቱ ነው እንጂ። መርቅኖ ቁልቁለት ይነዳል?"

"ወጣት ነው፣ ይሮጣል" አለ ሌላው።

አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ሁሉም። አባቴ ኩታውን ወደ ፊቱ ሳበ። ወንድሜ መሪ ይዞ ቅሞ አያውቅም፤ አባቴም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ተነስቼ ሻይ ቀዳሁላቸው። እውነቱን ልናገር፣ የሐጂ ንግግር ለእኔ ተመችቶኝ ነበር። ጥፋቱን ከእኔ ጣት ላይ አንስቶ ሟቹ ላይ አደረገው። ነገ ጁምዓ ነው፤ ከመስጊድ ሲወጣ ከተማው ሁሉ ወንድሜ በጫት እንደሞተ ይሰማል።

ስለዚህ በማግስቱ፣ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ፣ መፍቻና መዶሻ በከረጢት ይዤ ወደ ላይ በሚወጣ መኪና ተሳፈርኩ። ጥምዙ ላይ ወረድኩ። መኪናው ከታች በግራ ጎኑ ተኝቷል፣ ድንቹ ቁጥቋጦው ውስጥ ተበትኗል። ቀኙ ጎማ ወደ ሰማይ ስለነበር ክሪክ አላስፈለገኝም። በእጄ ስገፋው ዞረ። ረጅም ጊዜ ዞረ።

የጎማውን ዳዶዎች ፈትቼ አወረድኩት፤ ታምቡሩን በመዶሻ ዙሪያውን እየመታሁ አወጣሁት። ውስጡ ጥቁር ጭቃ መስሎ ነበር። ዘይቱን የምትይዘው ትንሽ የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒዋ፣ ተቀድዳ የፍሬኑ ዘይት ታምቡሩን በሚይዘው ሸራ ላይ ሲንጠባጠብ ከርሟል። ውሃ ይደርቃል፤ ዘይት አይደርቅም። አንድ ጎሚኒ፣ አዲስ ሸራ፣ የግማሽ ቀን ሥራ። ሸራውን ፈትቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የዚያን ጊዜ የፍሬን ዘይት ጉሎ ጉሎ ይሸት ነበር። ልጆች ሳለን እናታችን ለሆዳችን ጉሎ ስታጠጣን አፍንጫዬን የሚይዝልኝ ወንድሜ ነበር። እዚያው ድንቹ መሃል ተቀመጥኩ።

ቤት ስደርስ ወንዶቹ ለጁምዓ ገና አልተነሱም። ሸራውን ከነብረቱ በአባቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ።

"አባ፣ አሽትተው።"

አሸተተ። የጋራዥ ሰው ነው፣ ሁለተኛ አላሸተተም።

"የየትኛው ጎማ ነው?" አለኝ።

"የፊት ቀኝ። ረቡዕ በጣቴ ነክቼው ነበር። ውሃ ነው ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ጫት አይደለም፣ ሩጫም አይደለም።"

ራቅ ብለው የተቀመጡት የሰሙ አልመሰለኝም። ሸራውን ከአባቴ እጅ ወስጄ ለሐጂ ሰጠሁት። "ሐጂ፣ እርስዎም ያሽትቱ" አልኩ። ሐጂ አሽትቶ ለሚቀጥለው አቀበለ። ምንጣፉ ዳር እስካለው የመጨረሻ ሰው ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ።