የኔታ ያልሰሙት ደወል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ አታውቅም፤ ወንድሜ አያውቅም፤ በየዐቢይ ጾሙ ፊታቸው የምንበረከክላቸው የንስሐ አባቴም አያውቁም። ለእሳቸው ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ ይህን ግን በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። አሁን ለእናንተ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሊታዘንለት የሚገባው ሌላ ሰው ነው።

ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰላላ ነው። ደብረ ማርቆስ በዳገትና በቁልቁለት፣ በክረምት ጭቃ፣ በሰላላ እግር መኖር ምን እንደሆነ ያልኖረበት አያውቀውም። ተምሬ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ከሆንኩ በኋላ እንኳን ሰው የሚለየኝ በስሜ ሳይሆን በእግሬ ነበር። ወንድሜ ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ የሚሞላ ሳይክል አስጭኖ ያመጣልኝ ለዚህ ነው። ፔዳል አለው፤ ባትሪም አለው። ዳገቱን ሳላነክስ፣ ሳያልበኝ፣ እየቀደምኩ መውጣት ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ሳይክል በከተማው ያየ ሰው አልነበረም። ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ተቀመጠች ብለው ያሙኝ ነበሩ፤ ፊቴ ላይ ያማተቡም ነበሩ። በመንዳቴ ይቅርታ አልጠይቅም። ያኔም አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም።

የበደልኩት በሌላ ነው።

አንድ ቀን ገበያው መግቢያ ላይ ሳጅን ወርቁ የሚባሉ የትራፊክ ፖሊስ አስቆሙኝ። ታርጋ እንደሌለው አይተዋል፤ መንጃ ፈቃድም ይጠይቁኝ ወይስ አይጠይቁኝ ግራ ገብቷቸው ነበር። እኔ ግን ግራ አልገባኝም። ፔዳል ስላለው ሳይክል ነው፣ ሳይክል ደግሞ ታርጋም መንጃ ፈቃድም አይጠየቅበትም ብዬ ተከራከርኳቸው። ሰው ተሰበሰበ። ሳጅን ረጋ ብለው፣ እሺ ይሁን፣ ግን ሄልሜት አድርጊ፣ ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ደግሞ ሰው ስታዪ መሪው ላይ ያለችውን ደወል ደውዪ አሉኝ።

“አንቀጹን ያሳዩኝና ላድርግ” አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። ሳጅን አልሳቁም።

“አንቀጽማ የለም” አሉ። “ሰው ግን አለ።”

ይህን ቃል ያኔ እንደ ሽንፈት ነበር የቆጠርኩባቸው። ብዙም ሳይቆይ ደወሏን ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ጣልኳት። ምን አደረገችኝ? ምንም። ሳጅን ባዩኝ ቁጥር በጣታቸው ‘ደውዪ’ እያሉ ምልክት ያሳዩኝ ስለነበር ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያዘዘኝና የመከረኝ ሰው በዝቶብኝ ነበር፤ እልህ ያዘኝ። ሰው ለሌላው ሰው ደኅንነት ብሎ የለመነኝን ነገር እንደ ስድብ የቆጠርኩት ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?

የኔታ ፈንታ የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነበሩ። ዲማ ገዳም ተምረው፣ በወጣትነታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በጎጆ ተቀምጠው የሚያስተምሩ። ሃያ ተማሪ በአንድ ላይ ሲያዜም የአንዱን ስሕተት ለይተው በስሙ ጠርተው ያርሙታል ይባልላቸው ነበር። መንገድም በጆሯቸው ነበር የሚሄዱት። ባጃጁን፣ ጋሪውን፣ አህያውን ለይተው፣ ቆመው አሳልፈው ይሻገራሉ። ተማሪዎቻቸው እንምራዎት ሲሏቸው ጆሮዬ ይበቃኛል ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ቁልቁለት እየወረድኩ ነው። የኔታን ከሩቅ አየኋቸው። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመው አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ መለስ አድርገው አዳመጡ። እኔ እያየኋቸው ነበር! ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ሰምተውኛል፣ ይቆማሉ ብዬ አልቀነስኩም። እሳቸው ግን ምንም አልሰሙምና ተሻገሩ። አፌን ከፍቼ መጮህ እንኳን አልደረሰልኝም። ፍሬን ስይዝ የፊት ጎማው ተንሸራተተ፤ ዳሌያቸውን መታኋቸው፤ እኔም በግንባሬ አስፋልቱ ላይ ተደፋሁ።

ደም ዓይኔን ሸፍኖት ሳለ መጀመሪያ የሰማሁት የእሳቸውን ድምፅ ነው።

“ማን ነህ? ተጎዳህ ወይ?” ይላሉ።

ሳጅን ወርቁ ደረሱ። የኔታን ቃሬዛ ላይ ካስጫኑ በኋላ ወደኔ ዞረው ደውለሽ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ይሰማል። የኔታም ይሰማሉ።

“ደውያለሁ” አልኩ። “አልሰሙኝም።”

ያልኩት ይህን ነው። ደውያለሁ አልኩ። ሳጅን መሪውን ሲያዩ ደወል የለም፤ ስወድቅ ተነቅሎ ይሆናል አልኳቸው። ጎንበስ ብለው የመንገዱን ዳር ሣር በእጃቸው ሲፈልጉ ቆዩ። እንደማያገኙት እያወቅኩ ሲፈልጉ አየኋቸው።

የኔታ ሆስፒታል ተኝተው ሽማግሌ ተላከ። የኔታ ካሣ አልቀበልም አሉ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ደወል እየተደወለልኝ መንገድ የገባሁ እኔ ነኝ፣ ልጅቱን አታስጨንቋት ብለው ይቅር አሉኝ፤ መረቁኝም። ቤተሰቤ በደስታ አለቀሰ። እኔ ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ዳሌያቸው ከብዙ ወራት በኋላ ቢገጥምም እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ በምርኩዝና በሰው ትከሻ ሆነ መሄዳቸው። እሱ ብቻ ቢሆን እንደ ማንኛውም አደጋ አድርጌ እሸከመው ነበር። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዲህ አሉኝ፦

“ልጄ፣ ደወልሽ ድምፁ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም?”

ለምን እንደጠየቁኝ ወዲያው ገባኝ። ከጆሯቸው የትኛው ድምፅ እንደጠፋ ሊያውቁ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ጎጆዋ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

“ቀጭን ነበር፣ የኔታ” አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንግዲያው ዓራራዩን ማረም አልችልም ማለት ነው” አሉ።

ዓራራይ ከፍ ብሎ፣ ቀጠን ብሎ የሚዜመው ዜማ ነው። በዚያው ሰሞን ማስተማር ተዉ። ተማሪዎቻቸው እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኗቸው፤ ደወል ያልሰማ ጆሮ ሰው አያርምም፣ ስሕተት አስተምሬ በእግዚአብሔር ፊት አልጠየቅም አሏቸው። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ መምህር ተበተኑ። የኔታ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ያህል ኖሩ። ሲናገሯቸው “እ?” ማለት ጀምረው ነበር፤ የሰሙትን ነገር እንኳን ማመን አቅቷቸው። ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰውም እንዴት ያለች ርኅሩኅ አለኝ።

ዝምታዬ ያሳፈረኝ ይመስላችኋል? ለምጄው ነበር። ያስነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

አሁን እንደኔው ያለ ሳይክል በከተማው በርክቷል። ሰሞኑን ስለ ደንቡ ለመወያየት ነጂዎች ተጠርተን ነበር፤ ሄልሜት፣ ደወልና መብራት ግዴታ ይሁን፣ ፍጥነቱም ይወሰን የሚል ነው ሐሳቡ። አንድ ወጣት ተነሥቶ ተቃወመ። ሳይክል ሳይክል ነው፣ አንቀጹን ያሳዩን አለ። የኔኑ ቃል ነው። ቀጥሎም፣ በዚህ ከተማ በእንዲህ ያለ ሳይክል የደረሰው ከባድ አደጋ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሽማግሌው ደንቆሮ ስለነበሩ ነው፣ እኅታችን ደውላላቸው ነበር ብሎ በእጁ ወደኔ አመለከተ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ በሰላላ እግሬ ተነሥቼ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ።

የኔታን ደንቆሮ አስባልኳቸው። በሕይወት ሳሉ የበደልኳቸው አልበቃኝም፤ ከሞቱም በኋላ ስማቸውን ለሌላው ነጂ ማምለጫ አደረግኩት።

ስብሰባው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል። ይህን ጽሑፍ እዚያ ቆሜ አነበዋለሁ። ሳጅን ወርቁ ጡረታ ወጥተዋል፤ እንዲገኙልኝ ለምኛቸዋለሁ። የኔታ ተማሪዎች ከነበሩት ውስጥ ሁለቱ ዛሬ መሪጌታ ሆነዋል፤ እነሱንም ጠርቻለሁ። የሚሰድበኝ ይስደበኝ፤ የሚከሰኝ ካለ የፍርድ ቤቱን በር አሳየዋለሁ፤ እዚያው ነው የምሠራው። ዘመዶቼ ያለፈውን ምን ያስቆፍርሻል፣ ያኔ ሕግ አልነበረም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሕግ አልነበረም፤ እኔ ግን ነበርኩ። በማግስቱም ሄልሜቴን አድርጌ፣ እየደወልኩ፣ ያንኑ ቁልቁለት እነዳዋለሁ። ከሳይክሌ አልወርድም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሳቸውም ይቅር ያሉኝ ያላጠፉትን ጥፋት የራሳቸው አድርገው ነው። ያ ይቅርታ ተሰርቆ የተገኘ ነውና መልሼዋለሁ። ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስማቸው በተነሣበት ቦታ ሁሉ እንዲህ በሉልኝ፦ የኔታ ፈንታ ጆሯቸው ደህና ነበር።