እንጥል ቆራጩ የመጣበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ፀዳ ከተማ፣ ልጄ ቤት ሄጄ የሁለት ወር የልጅ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሳስገሳት፣ የጠባችውን ወተት ሁሉ ጀርባዬ ላይ ለቀቀችው። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው አባቷ ያሬድ ፊቱ አመድ መስሎ ብድግ አለ።

«እማዬ፣ በአፍንጫዋም ወጣ! ሐኪም ቤት እንውሰዳት?»

ሳቄ መጣ። ግን ወዲያው ጠፋ። እሱም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ከእሱ የባሰ ፈርቼ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዳባት አስተማሪ ነበርሁ፤ ዕድሜዬ ሃያ አንድ። ባለቤቴ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ቆላ ተልኮ ስለነበር በአራስነቴ የሚንከባከቡኝ እናቱ፣ እማማ የኔነሽ ነበሩ። ደግ ሴት ናቸው። የአጃ አጥሚት በማር እያሞቁ ያጠጡኛል፤ ገንፎውን እኔ ካልጨረስሁ እርሳቸው እህል አይቀምሱም። ሐምሌ ነበር። የዳባትን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ጉም በር ከፍቶ ይገባል ቢሉት አያምንም።

ያሬድ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ ቅርሻት ነበር፤ የማያቀረሽ ሕፃን የት አለ? እያደር ግን ጠብቶ ሳይጨርስ ወደ ኋላ ይለጠጥና ይጮኽ ጀመር፤ ወተቱ በአፉም በአፍንጫውም ይወጣል። ልብሱም፣ ልብሴም፣ አልጋውም የኮመጠጠ ወተት ይሸታል፤ በዚያ ዝናብ ደግሞ የሚደርቅ ጨርቅ የለም። አንድ ቀን ትን ብሎት ትንፋሹ ቆመ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። በደረቱ ክንዴ ላይ አስተኝቼ ጀርባውን መታ መታ ሳደርገው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ማጥባት ራሱ ያስፈራኝ ጀመር። ጡቴን በሰጠሁት ቁጥር የምገድለው ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቶች «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ» አሉ። እማማም አመኑ።

«የፊተኛው ልጄ እንዲህ እያስመለሰው ነው የሞተብኝ፤ እንጥሉን ሳላስቆርጥለት ቀርቼ» አሉኝ። «ባልሽን ግን አስቆረጥሁት፤ ይኸው ሸጋ ሰው ሆነ።»

እኔ ግን በዚያው ክረምት መግቢያ የጎረቤታችን ሕፃን ተቆርጦ፣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ በሦስተኛው ቀን ሲቀበር አይቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆራጩ አያ ተገኘ መጡ። ለሰው የሚራሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጫፉ የታጠፈ ትንሽ ብረት አወጡ።

«በሉ፣ ልጁን አምጡት» አሉ።

«ጨርቁን ልቀይርለት» አልሁና ወደ ጓዳ ገባሁ። በጓዳው በር ወጣሁ። ጫማዬን እንኳ አላደረግሁም።

አውራ ጎዳናው ዳር ገብስ የጫነ መኪና ቆሞ አገኘሁ። ሹፌሩ አየኝና «ምነው እቴ?» አለ። ልጄ ታሞብኛል፣ ጎንደር አድርሰኝ አልሁት። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከላይ፣ ጆንያው ላይ፣ ሸራ ሥር አስገባኝ። ሞተሩ ሲነሣ እማማ በጭቃው ውስጥ ሲሮጡ አየሁ።

«ቁም! ቁም!»

ሊያወርዱኝ ነው ብዬ ልጄን ደረቴ ላይ ጭምቅ አድርጌ ያዝሁ። እርሳቸው ግን የመኪናውን ጎን ጨብጠው «እጅሽን ስጪኝ!» አሉ። ጎትቼ አወጣኋቸው። አጠገቤ ተቀምጠው እያለከለኩ «አራስ ሆነሽ ብቻሽን?» አሉኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ስንል ያሬድን እንደገና ትን አለው። ደፋሁት፤ ጀርባውን መታሁት፤ አልመለስ አለ። ሰውነቱ እጄ ላይ ዛለ። እኔ እጮኻለሁ። እማማ ነጠቁኝና አፍንጫውን በአፋቸው መጥጠው ተፉ፤ ደግመው መጠጡ። አለቀሰ። የዚያን ቀን የልጅ ልቅሶ እንዴት እንደሚጣፍጥ አወቅሁ።

ኬላው ላይ ወታደሩ ሸራውን ገልጦ የይለፍ ወረቀት ጠየቀን። አልነበረንም። ያን ጊዜ ያለ ወረቀት መገኘት ለመታሰር ይበቃ ነበር። እማማ ግን «ሕፃኑ እየሞተብን ነው፣ ልጄ። ስንመለስ እሰረን» አሉት። ወታደሩ የሕፃኑን ፊት ጥቂት አይቶ ሸራውን መለሰና «እለፉ» አለ።

ጎንደር፣ ሐኪሙ ያሬድን መዝኖ፣ ሆዱን ነካክቶ፣ ሳጠባውም አየ። «ክብደቱ ደህና ነው። የጨጓራው አፍ ገና ስላልጠነከረ ወተቱ ከአሲዱ ጋር ወደ ላይ እየተመለሰ ያቃጥለዋል። ጥቂት ጥቂት አጥቢው። ከጠባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። እንጥሉን እንዳትነኩት። ትንፋሹ እንደገና ከቆመ ግን ቶሎ አምጡት» አለን። ከጡት ሌላ ምን እንደሚወስድም ጠየቀ።

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ቅቤ» አሉ እማማ በቀስታ።

«እሱም ይቅርበት፣ እናቴ።»

ልንወጣ ስንል እማማ በሩ ላይ ቆሙ። «ዶክተር፣ የፊተኛው ልጄ… ቀጥ አድርጌ ይዤው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱን እኔ ማወቅ አልችልም» አለ።

ከዚያ በኋላ በጠባ ቁጥር እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ያሬድን ደረታቸው ላይ አቁመው ይቀመጣሉ። ደከመዎት ብላቸው አይሰጡኝም። ጥር ላይ ልጁ መቀመጥ ቻለ፤ ማስመለሱም ቆመ።

ይህን ታሪክ ለያሬድ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሁልጊዜም የእኔን ሽሽት ነው የምነግረው። እማማ ሐኪሙን የጠየቁትን ጥያቄ የነገርሁት ባለፈው ሳምንት፣ ሕፃኗን አቅፎ ሲንቆራጠጥ ባየሁት ጊዜ ነው።

«የፊተኛው ልጃቸው ስሙ ማን ነበር?» አለኝ።

ከእማማ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል። ቀብሬያቸዋለሁ። አላውቀውም፤ አንድ ቀንም ጠይቄያቸው አላውቅም።