የአርብ እሳት

የንጉሡ ከተማ ገና እንጦጦ ላይ ሳለ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ስመኝ የምትባል ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ነበረች። በሰንበት እሳት ስለማይነድ፣ አርብ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ውሃ ረጭታ የምታጠፋው ልጇ ዋጋዬ ነበረች። ከዚያ ጨለማውን ፈርታ የእናቷን ቀሚስ ጭብጥ ታደርጋለች፤ ስመኝም “አትፍሪ፣ ሰንበት እንግዳችን ናት” ትላታለች።

ዋጋዬ በኩፍኝ በሞተች በሳምንቱ አርብ፣ ስመኝ እሳቱን ራሷ አጠፋች። ጎረቤቷ እመት ሮማነወርቅ ከቤቱ ጭስ ቢያጡ፣ ፍም በገል ይዘው መጡ።

“ምነው ልጄ፣ በዚህ ብርድ እሳት ጠፋብሽ?”

ስመኝ ሃይማኖቷን ለጎረቤት ተናግራ አታውቅም፤ ቡዳ ይሉኛል ብላ ትፈራለች፤ ይሉም ነበር። ያን ማታ ግን መፍራቱ ሰለቻት። ፍሙን አልተቀበለችም።

“እሳቱንስ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት፤ ሰንበት ገብታለች። የጠፋችብኝ ልጄ ናት” አለቻቸው።