የሚልክያስ ምላስ

ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ በር ላይ የሚልክያስን ባጃጅ የተሳፈረ ሰው መድረሻውን ተናግሮ ብቻ አይገላገልም። ምን እንደሚበላ፣ እሁድ የየትኞቹን መዘምራን ቢሰማ እንደሚሻለው፣ የትኛው ፊልም የጊዜ ማባከኛ እንደሆነ ሳይነገረው አይወርድም። ሙቿ ላማረው፣ ቆጮው ከአይብና ከቅቤ ጋር በወጉ የሚታሽበትን ቤት ያሳየዋል። ጥሬ ሥጋ ላማረው ደግሞ ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት የሚፈጨውን ዳጣ ማን ዛሬ እንደፈጨ፣ ማን የትናንቱን እንደሚያቀርብ ይነግረዋል። ራሱ ያልቀመሰውን ግን ለማንም አይመክርም።

ምክሩ እንዲህ ያለ ነው፤ ጠባዩን ግን እግዜር ይይለት። ሚልክያስ እጁ ከአፉ ይቀድማል። አንዱ እንግዳ «ሙቿ ማለት ገንፎ አይደል እንዴ?» ስላለው ብቻ ዳገት ላይ ባጃጁን አቁሞ፣ በቀበቶው ጎትቶ አውርዶ ሻንጣውን ቦይ ውስጥ ወርውሮበታል። እሱ ለላከው ደንበኛ ያደረ ዳጣ ያቀረበን አስተናጋጅም ማጅራቱን ይዞ ፊቱን ሳህኑ ውስጥ ደፍቆታል፤ ምስኪኑ ዓይኑ እስኪጠፋ ጮኸ። ለዚህ ፖሊስ ጣቢያ አደረ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልቅሶ ንስሐ ይገባል፤ ሰኞ ደግሞ ሌላ ሰው ያስለቅሳል።

ታናሽ ወንድሙ ባዳቾ ሥጋ ቤት ሲከፍት በሩ ላይ «ወንድማማቾች ሥጋ ቤት» ብሎ አጻፈ። ሚልክያስ ባይራ ነው፤ የበኩር ልጅ። ባይራ ታናሹን ይሸከማል እንጂ አይጥልም። እሱም ደረቱን ነፍቶ ከተማውን ሁሉ ወደዚያ ያጉዝ ነበር፤ ሥጋው እውነትም የደለበ ሰንጋ ሥጋ ነበርና። ኋላ መኖ ሲወደድ ባዳቾ ከሁምቦ ድርቅ ያከሳቸውን፣ ቀንበር ያስረጃቸውን በሬዎች በርካሽ እየገዛ ሥጋቸውን መስቀል ጀመረ። ሚልክያስ በመጀመሪያው ጉርሻ አወቀው። ለብቻው ጠርቶ ነገረው፤ ደግሞም ነገረው። ባዳቾ ግን «አንተ ባለ ባጃጅ ነህ፤ መሪህን ያዝ» አለው።

ነገሩ የፈነዳው በማክዳ ነው። ማክዳ በከተማው ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተመደበች መምህርት ናት። ባጃጁ በሥጋ ቤቱ በር ሲያልፍ ጽሑፉን አይታ «ይሄ ቤት እንዴት ነው? ስሙ ደስ ይላል» አለች።

ሚልክያስ መሪውን ጨበጠ። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር።

«እህቴ፣ እዚህ እንዳትገቢ» አላት። «ያረጀ የእርሻ በሬ ነው የሚሸጠው። ባለቤቱ ወንድሜ ነው፤ ስለዚህ እመኚኝ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማክዳ ለባልደረቦቿ ነገረች፤ ባዳቾ ቤት ምሳ የሚበሉት መምህራን እግራቸውን ሰበሰቡ። ባዳቾ ወሬውን ከሥሩ ሲያጣራ የገዛ ወንድሙ አፍ ላይ ደረሰ።

ደም የነካው ሽርጡን እንደታጠቀ፣ አጥንት የሚሰብርበትን መጥረቢያ ይዞ መናኸሪያ መጣ። መጀመሪያ የባጃጁን የፊት መስታወት አረገፈው። ሚልክያስ ወረደ፤ ምንም አልጠየቀም። በቴስታ አፉን ሲለው የባዳቾ የፊት ጥርሶች ከደም ጋር መሬት ወደቁ። ባዳቾ መጥረቢያውን ሊያነሳ ሲል ቀኝ እጁን ይዞ ጠመዘዘው፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል የተሳፋሪው ሰልፍ ሁሉ ሰማ። ሾፌሮቹ ለመግባት ፈሩ፤ የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነው። በመጨረሻ ጎትተው አላቀቋቸው፤ ሚልክያስም ደሙን ሊጠርግ ጀርባውን ሰጠ። ባዳቾ በደህና እጁ መጥረቢያውን አንስቶ በደንደሱ የሚልክያስን ማጅራት መታው። በስለቱ ቢሆን ኖሮ ስለ ሚልክያስ የምናወራው እንደ ሙት ነበር። እንደ ግንድ ወደቀ፤ ጭንቅላቱም ከኮብልስቶኑ ጋር ተላተመ።

ሆስፒታል ሲነቃ ሚስቱ ሶፊ የበግ መረቅ አመጣችለት። አንዴ ጎንጨት አለና «ሙቅ ውሃ ታጠጪኛለሽ?» ብሎ ሳህኑን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ሶፊ ዳጣ አመጣች። ምላሱን አቃጠለው፤ ነጭ ሽንኩርቱም ቃሪያውም ግን የሉም። ሐኪሙ መርምሮ፣ በምቱ የማሽተት ነርቩ እንደተጎዳ፣ ጣዕሙም አብሮ እንደሄደ፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገረው። ሚልክያስ የሐኪሙን ጋዋን አንቆ ያዘ። ከዚያ ለቀቀውና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«ይህን ለሰው ብትነግሪ አንድ ቤት አናድርም» አላት ሶፊን። «አካል አጎደለ ተብሎ ወንድሜ ወህኒ ይወርዳል።»

ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ ሰው ተጣልቶ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አቶ ቦልቴ፣ የአባታቸው ጓደኛ፣ ፍርዱን ተናገሩ፦ «ባዳቾ ሰንጋ ገዝቶ ይረድ። ሚልክያስ በሁላችን ፊት ይቅመስና እውነቱን ይናገር። መጥፎ ካለው ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ጥሩ ካለው ግን ያጠፋውን ስም ራሱ ይመልሳል።»

ባዳቾ ያለውን ሁሉ ሸጦ ሰንጋ አመጣ። ሰንጋው ገመዱን በጥሶ አንዱን ጎረምሳ አጥሩ ላይ ለጠፈው፣ የሌላውን ጭን በቀንዱ ቀደደው፤ ተረባርበው ጣሉት። ደሙ ሣሩን አረጠበው። ባዳቾ ቀኝ እጁ በጀሶ እንደታሰረ በግራው ቆረጠና የመጀመሪያውን ቁርጥ ለወንድሙ ሰጠ።

ሚልክያስ ዳጣ አስነክቶ ጎረሰ፤ አኘከ። አፉ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ያለ መሰለው። የዳጣው ቃጠሎ ብቻ ነበር፤ እንባውን አመጣው። ግቢው ሁሉ አፉን ያያል። «አልቀምስም፣ ምላሴን ወስዶታል» ቢል እውነት ነው፤ ወንድሙ ግን እስር ቤት ይገባል። «ጥሩ ነው» ቢል በሕይወቱ የመጀመሪያው የሐሰት ምስክርነት ነው። ደግሞ ቆረጠ፣ ደግሞ አኘከ።

«ጥሩ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ሶዶ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሥጋ የለም። ብሉ!»

እልልታው ቀለጠ። ባዳቾ ግን ተጠግቶ፣ በተሸረፈ አፉ በቀስታ «ታ ኢሻ፣ ወንድሜ፣ የምርህን ነው? ወይስ ለሽማግሌዎቹ ብለህ ነው?» አለው።

የሚልክያስ ደም ፈላ። በሁለት እጁ ኮሌታውን ጨምድዶ ከአጥሩ ጋር አጣበቀው፤ ሰው ሊገላግል ተነሣ።

«እኔ ነኝ ያልቀመስኩትን የምመሰክረው? እኔ?» እያለ ናጠው።

ባዳቾ ኮሌታው እንደታነቀ የፊት ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። አመነው።