የመጀመሪያው «አይ» በፈረንሳይ ገጠር

መነሻ

ከሽሮ ሜዳ የተነሳሁት ሰኞ ማለዳ ነው። የፈረንሳይኛ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለሁለት ሳምንት የተላክሁት የገጠር ገበያና ምሽት አይቼ ለክፍል ጓደኞቼ እንድጽፍ ነው። እናቴ ለአስተናጋጄ ነጠላ አስያዘችኝና በታክሲው መስኮት «ሰው ቤት እንዳትስገበገቢ! መጀመሪያ አይ በዪ» አለችኝ።

ከፓሪስ አራት ሰዓት በባቡር፣ ከዚያ በማዳም ኮሌት አሮጌ መኪና አንድ ሰዓት ተጓዝኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራ ቀኙ የሱፍ አበባ ማሳ። አስተናጋጄ ማዳም ኮሌት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ነጠላውን እንዳዩ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

ሐሙስ

የምሽት ገበያው የሚቆመው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ብቻ ነው። ማዳም ኮሌት ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው «ትመጫለሽ?» አሉኝ። ልቤ ቀድሞኝ ወጥቷል፤ አፌ ግን «አይ፣ አላስቸግርዎትም» አለ።

«እሺ፣ እረፊ» ብለው በሩን ዘግተው ሄዱ። በሞቴ የለ፣ እኔ ልሙት የለ! ተመልሰው ይጠሩኛል ብዬ ጫማዬን አድርጌ ጠበቅሁ። አኮርዲዮን ከሩቅ እየሰማሁ ብቻዬን ዳቦ በአይብ በላሁ። የቀረኝ አንድ ሐሙስ ነው። እሱም ካመለጠኝ ምን ልጽፍ ነው?

ቅዳሜ

የጠዋቱ ገበያ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው፦ የተጎነጎነ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ የፍየል አይብ፣ በሳጥን የተደረደረ ኮክ። ሁለት ሜሎን አምስት ዩሮ ሲሉኝ እንደ ሽሮ ሜዳ ልጅ «በሦስት ይሁን» አልኩ። ሻጩ ሽበታም ሰውዬ «እኔ ምን አገባኝ፣ ሜሎኑን ጠይቂው» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ቁራጭ ኮክ ዘረጉልኝ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ከማለቴ ራሳቸው ጎረሱት።

ያኔ ገባኝ። ከማዳም ኮሌት ጋር ስንመለስ መኪና ውስጥ ተናዘዝኩ። «ማዳም፣ ሐሙስ ዕለት አይ ያልኩት... ማለቴ፣ እሺ ለማለት ነበር።»

መኪናውን ዳር አቆሙ። «ምን አልሽ?»

«እኛ ጋ የመጀመሪያው አይ አይቆጠርም። እስኪለምኑን ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስቴ ቢሆን ጥሩ ነው።»

«ሦስቴ! ምግቡ ይቀዘቅዛል እኮ! ሐሙስ አንዴ ነው የምጠይቅሽ፤ አይ ካልሽ ጥዬሽ ነው የምሄደው።»

የመጨረሻው ሐሙስ

ነጠላውን ደርበው በሩ ላይ ቆሙ። «ትመጫለሽ?»

የእናቴ ዓይን ጀርባዬ ላይ ያረፈ መሰለኝ። «እመጣለሁ!» ስል ድምፄ የማዳም ኮሌትን ድመት ከወንበሯ አስዘለላት።

አደባባዩ ላይ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ሰው ሳህንና ሹካውን ከቤቱ ያመጣል፤ ምግቡን ከሻጮቹ ገዝቶ ከማያውቀው ሰው ጎን ይቀመጣል። የተጠበሰ ዶሮ በድንች በላን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አኮርዲዮኑ ሲጀምር የሜሎኑ ሰውዬ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ትጨፍሪያለሽ? ወይስ ሦስቴ ልለምን?»

ማዳም ኮሌት ለመንደሩ ሁሉ አውርተዋል! «አንዴ ይበቃል» ብዬ ተነሳሁ።

ቤት

በተመለስኩ ማግስት ጎረቤታችን ባለሱቋ እትዬ ዘምዘም ሳምቡሳ ይዘው መጡ። «እንኳን ደህና መጣሽ፤ ብዪ እንጂ።»

«እሺ» ብዬ አነሳሁ። እናቴ አፈጠጠችብኝ። እትዬ ዘምዘም ሳህኑን እንደያዙ ቀሩ። «ኧረ ቆይ ልጄ፣ ገና መች ለመንኩሽ?»

እዚያ እሺን በጊዜው ማለት ተምሬ መጥቻለሁ። እትዬ ዘምዘም የመጡት ግን ሊያበሉኝ ብቻ ሳይሆን ሊለምኑኝም ነው። ሳምቡሳውን መለስኩ።

«አይ እትዬ፣ ጠግቤያለሁ።»

ፊታቸው በራ። «በሞቴ!»