የሙኽታር ኢንሻአላህ

ከሚሴ ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፋው ሙኽታር፣ ደንበኛ «መቼ ይደርሳል?» ሲለው መልሱ ሁሌም «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ነው። የሱ ነገ ግን ነግቶ አያውቅም። ሰዉም የውሸት ቀጠሮን «የሙኽታር ኢንሻአላህ» ይለው ጀመር።

ለዒድ ሦስት ቀን ሲቀር የስፌት መኪናው ቀጥ አለበት። ጠጋኙ ረጀብ ተቀበለውና «ነገ፣ ኢንሻአላህ» አለው። ሙኽታር መቀመጫ አጣ። ወጣ፣ ገባ፤ የቀትሩ የዙሁር ሶላት ሳይደርስ ሦስቴ ረጀብ በር ላይ ተገተረ። በመጨረሻ አልቻለም።

«አንተ ረጀብ፣ እውነቱን ንገረኝ! ይቺ ኢንሻአላህ የአላህ ናት ወይስ የኔ?»

ረጀብ መፍቻውን አስቀመጠ። «በረመዷን ዋዜማ የሰጠሁህ ሱሪ ደረሰ?»

«ነገ፣ ኢን...» ብሎ ሙኽታር ምላሱን ነከሰ።