ደሳለች ስለ አረሙ የጠየቀችው

ኅዳር 1970 ነበር። ኅዳር ነው? ብርዱን አስታውሳለሁ፤ ግን ጉለሌ ጥርም ይበርዳል፤ ከእንጦጦ የሚወርድ ነፋስ ወር አይለይም። እንግዲህ ኅዳር ይሁን።

ደሳለች ከዊንጌት ዝቅ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታስተምረን ነበር። ከወለጋ የመጣች፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች ናት። ቀጨኔ፣ ከእኛ ቤት በላይ፣ ከታናሽ ወንድሟ ከዋቅቶላ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ሰዋስው ብዙም አትወድም። እንግሊዞች ሳያስቡት በየቀኑ የሚናገሩትን ተለዋጭ ዘይቤ እያስለቀመች ታስመድበን ነበር፦ ይሄ ከጦርነት፣ ይሄ ከምግብ፣ ይሄ ከእርሻ።

«እንግሊዝ ሲከራከር ያጠቃል፣ ይመክታል፣ ያፈገፍጋል። ማን ተኮሰ? ማንም አልተኮሰም። ሐሳብን ደግሞ ያኝከዋል፣ ይውጠዋል፣ ካልበሰለለትም ይመልሰዋል።»

«ለዚህ ነዋ የሚከሱት፣ ቲቸር!» አለ ዓምሃ ከኋላ።

«አንተስ ሐሳብ ሳትቀምስ በምን ወፈርክ?»

ክፍሉ አውካካ። እሷ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ታስከትላለች፦ «መደቡን አገኛችሁ። አሁን በቀጥታ ንገሩኝ፤ ምን ሆነ?»

በዚያው ሰሞን ዋቅቶላን ወሰዱት። የታሰረው እዚያው ቀበሌያችን ነበር። ደሳለች ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ምግብ ታደርሳለች። ጠባቂው ይቀበላትና የትናንቱን ሳህን ባዶውን ይመልስላታል። የሞተ ሰው ምግብ እንደማይቀበሉ ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እናቴም «እስከተቀበሉሽ ድረስ አለ ማለት ነው፤ አይዞሽ» ትላት ነበር።

አንድ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። መቅረት አይቻልም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ይገዙ ብዙ ከተናገረ በኋላ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጓዶች! ከማሳችን አረሙን ነቅለናል! ከነሥሩ! እንደ ዋቅቶላ ያለ አረም ከእንግዲህ አይበቅልም!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ደሳለች ከመካከላችን ተነሣች። አልጮኸችም፤ ክፍል ውስጥ እንደምትናገረው ነበር የተናገረችው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አረም ያሉት ከእርሻ የተወሰደ ነው። ዋቅቶላ ሰው ነው። በቀጥታ ይንገሩኝ፤ ምን ሆነ?»

ጓድ ይገዙ ጭብጨባ እንጂ ጥያቄ አልጠበቀም። አጠገቡ የተቀመጡትን አየ፤ ማንም አላገዘውም።

«እ... ማለቴ... ተገድሏል። በቃ፣ ባለፈው ማክሰኞ።»

«ዛሬ ጠዋት ምግቡን ተቀብላችሁኛል» አለች።

ሳህኑን ሲቀበላት የነበረው ጠባቂ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፋ። ሳምንቱን ሙሉ ያቺ ሴት የሠራችው ምግብ የማን ሆድ እንደገባ ያን ጊዜ ገባን። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር የሚያደርገኝ ግን የዚያ ምግብ ነገር ነው።

ደሳለች ወደ በሩ ሄደች፤ ጠባቂው መንገድ ለቀቀላት። ልከተላት ስነሣ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ አስቀመጠችኝ።

ስብሰባው እንደተበተነ በሩጫ ዳገቱን ወጣሁ። ልጠይቃት የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፦ ከስብሰባው በፊት በነበረው ሐሙስ ፊታችን ቆማ የእርሻውን መደብ ስታስተምረን ልቧ የወንድሟን ሞት ጠርጥሮ ነበር ወይ? አከራይዋ እትዬ ታየች ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

«አሁን ወጣች፣ ልጄ» አሉኝ። «በመድኃኔ ዓለም በኩል ቁልቁል ወረደች። የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጣልኝ፣ ወዴት ነው ሳልላት።»